ቀይ ቀበሮ ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ? የልጄ የቤት ሥራ አጣላን

የሰባተኛ_ክፍል_አባት · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የሳይንስ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። አምስት የአገራችንን እንስሳት ጻፉ፣ ከየአንዳንዱ ጎን የአገር ስሙን፣ ሳይንሳዊ ስሙንና የቅርብ ዘመዱን ሙሉ የሚል ሠንጠረዥ ነው። ቀይ ቀበሮ ላይ ስትደርስ «አባ፣ ዘመዱ ማነው?» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «ቀበሮ ነዋ፣ ስሙ እየነገረሽ!» አልኳት። ደብተሩ ሲመለስ ቀይ ኤክስ ተደርጎበት «ዘመዱ ተኩላ ነው» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ላይ ሳይንሳዊ ስሞቹ ሥር አላሰመረችም ተብሎ ከአምስቱም ግማሽ ግማሽ ማርክ ተቀንሷል። ልጅቷ ካኮረፈችኝ ሁለት ቀን ሆናት።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ተኩላ ከሆነ ለምን ቀበሮ እንለዋለን? ሁለተኛ፣ የራሳችን ስም እያለ ይሄ ላቲን ምን ያደርግልናል? ሦስተኛ፣ ማስመሩ ምንድነው? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ልጄ ፊት ሰው እሆናለሁ።

ቡና_በጨው · ማክሰኞ ማታ 2:52

በግህን ከበላ ቀበሮ፣ የጎረቤትህን በግ ከበላ ብርቅዬ እንስሳ። አለቀ።

የመንዝ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3:10

@ቡና_በጨው ስሙን አታጥፋ አቦ። እኔ ጓሳ ዳር ነው ያደግሁት። የበግ ነገር ሲነሳ ስሙ የሚጠፋው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ዋናው ምግቡ ግን አይጥ ነው። በጉን የሚጨርሰው ሌላኛው፣ ግራጫ ቢጫ የሆነው ቀበሮ ነው።

ሲያድን አይተህ ታውቃለህ? ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ይቆማል። አንዳንዴ ሳይንቀሳቀስ ከመቆየቱ የተነሳ ዓይንህ ይደክማል። ከዚያ አንድ ዝላይ ነው፣ አፍንጫው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጭላዳዎች ሲግጡ ደሞ መሃላቸው ገብቶ ይሄዳል፤ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ጓሳ ላይ የቆጠሩ አጥኚዎች ነበሩ፦ ከጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። ውሻ ቢገባ እኮ ያ ሁሉ ጭላዳ ገደል ይወርድ ነበር።

የዘመዱን ነገር ግን አላውቅም። ለእኛ ቀይ ቀበሮ ነው።

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ማክሰኞ ማታ 3:55

ወንድሜ የሰባተኛ ክፍል አባት፣ መምህሩ ልክ ነው፤ ልጅህም ብዙ አልተሳሳተችም። 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ይህን ኤክስ እኔም ስንት ደብተር ላይ አድርጌዋለሁ።

«ቀበሮ» የሚለው ቃላችን የዘር ሐረግ አይቆጥርም። አፈ ሾጣጣ፣ ጆሮው የቆመ፣ ጅራተ ጎፍላ፣ ከውሻ ጋር የሚመሳሰል የዱር አውሬ ሁሉ ለእኛ ቀበሮ ነው። ቃሉ የወጣው እረኛ ለእረኛ በሩቁ እንዲጮህ ነው፣ ለዚያ ደግሞ በቂ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ የባሌ ሰዎች «ጀዳላ ፋርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ይኼም ስም ሥራውን እንጂ ዘሩን አይናገርም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከእኛ አልተሻሉም ነበር። ለብዙ ዘመን «የስሜን ቀበሮ» ሲሉት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ከቀበሮዎቹ ይልቅ ለግራጫው ተኩላ እንደሚቀርብ ካሳየ በኋላ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው እየገነነ መጣ። መንገደኛ የሚጠራው ስም እንዲህ ይገለባበጣል።

ሳይንሳዊ ስሙ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ንቅንቅ አላለም። ኤድዋርድ ሩፐል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1840 ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬም ካኒስ ሲሜንሲስ ነው። ሲሜንሲስ ማለት «የስሜን» ማለት ነው፣ ያ የስሜን ተራራ። ካኒስ በላቲን ውሻ ነው።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ። ትልቁ ቤት ስፍን ነው፦ እንስሳት። ከዚያ ክፍለ ስፍን፦ ኮርዳታ፣ ጀርባው ላይ አምድ ያለው ሁሉ የሚገባበት። መደብ፦ አጥቢ። ክፍለ መደብ፦ ሥጋ በል። አስተኔ፦ ካኒዴ፣ የውሻ ቤተሰብ። ወገን፦ ካኒስ። ዝርያ፦ ካኒስ ሲሜንሲስ። ልጅህ ይህን እንደ መዝሙር ብትሸመድደው ነገ ትረሳዋለች። ይልቅ እንዲህ በላት፦ እውነተኛዎቹ ቀበሮዎች፣ እነ ቩልፔስ፣ ከቀይ ቀበሮ ጋር እስከ አስተኔ ድረስ አብረው ይወርዳሉ፤ ወገን ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ተኩላና ውሻ ግን ወገን ድረስ አብረውት ናቸው። «የቅርብ ዘመድ» የሚባለው አብሮ ረጅም መንገድ የወረደው ነው።

የሰባተኛ_ክፍል_አባት · ማክሰኞ ማታ 4:08

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር፦ መጽሐፏ ላይ አንዳንዱ ስም ኋላ የሰውየውና የዓመቱ ነገር በቅንፍ ነው፣ አንዳንዱ ያለ ቅንፍ። የዋልያው ላይ «ሩፐል፣ 1835» ብቻ፣ የጭላዳው ላይ «(ሩፐል፣ 1835)»። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው?

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ማክሰኞ ማታ 4:31

ስህተት አይደለም! ይህን ያስተዋለ ተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ ክፍሉን አስነስቼ አስጨበጭብለት ነበር።

እኛ ስንጠራ የልጁ ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ይከተላል። እነሱ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የአባት ቤት ይጠራል፣ ማለትም ወገኑ፣ ከዚያ ልጁ። ሲሜንሲስ ብቻውን ስም አይደለም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ናቸው የዝርያው ስም። የመጀመሪያው በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው ምንጊዜም በትንሽ፣ የቦታም የሰውም ስም ቢሆን። (ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ ስንጽፍ ይህ ወግ ይጠፋል፤ ምን ይደረግ።)

እና ቅንፉ? ቅንፍ ማለት ጉዲፈቻ ነው። ሩፐል ዋልያን ሲሰይም የፍየል ወገን፣ ካፕራ ውስጥ አስገባው፤ ዛሬም እዚያው ነው፣ ስለዚህ ቅንፍ የለም። ጭላዳን ግን ማካከስ የሚባል የዝንጀሮ ወገን ውስጥ ነበር የከተተው። ኋላ ሌላ ሰው መጥቶ «ይህ የዚያ ቤት ልጅ አይደለም» ብሎ ቴሮፒቴከስ ወደሚባል ወገን አዛወረው። የልጁ ስም ጌላዳ አልተለወጠም፣ አባቱ ተለወጠ። የመጀመሪያው ሰያሚ ክብሩ እንዳይቀር ስሙ በቅንፍ ይቀመጣል። ቅንፍ ባየህ ቁጥር ይህ እንስሳ ቤት ቀይሯል በል።

ማስመሩን በተመለከተ፦ መጽሐፍ ላይ ሁለቱ ቃላት በተጋደመ ፊደል ይታተማሉ። በእጅ ሲጻፍ ማጋደም ስለማይመች ከሥራቸው ይሰመራል፣ ለየብቻ። ለነገሩ ማጋደሉ በዓለም አቀፉ ደንብ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ይህን ለመምህሯ እንዳትነግሩት።

ፍራንክፈርት_ከተምኩ · ማክሰኞ ማታ 5:20

የሩፐል ስም ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ሰውዬው ከአገራችን የሰበሰባቸው እንስሳት እዚህ ሴንከንበርግ ሙዚየም ነው የገቡት። ልጆቼን ይዤ ስሄድ አንድ ነገር ይገርመኛል። ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ዘመነ መሳፍንት ላይ ነው አገር ያቋረጠው፤ መንገዱ ሁሉ ጦርነት ነበር። እንደዚያም ሆኖ የአገሬውን ሰው «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» እያለ መጠየቁ ከስሞቹ ይታያል።

የዋልያ ሁለተኛ ስሙ ዋልዬ ነው፣ በቀጥታ ዋልያ። የጭላዳ ጌላዳ። የጉሬዛ ደግሞ ኮሎበስ ጉሬዛ፣ እሱም 1835። ሦስቱም በአንድ ዓመት ናቸው፣ ሦስቱም ከኛ አፍ ተወስደው ላቲን ውስጥ የገቡ። አሁን ቶኪዮም ሆነ ብራዚል ያለ ተመራማሪ ስለዚያ ጥቁርና ነጭ ካባ ለባሽ ሲጽፍ «ጉሬዛ» ማለቱ የግድ ነው። ኮሎበስ ግሪክኛ ነው፣ «የተቆረጠ» ማለት። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ለዚያ ነው።

ቡና_በጨው · ማክሰኞ ማታ 5:26

ጭላዳ እንዴት ጌላዳ ሆነ? ሰውየው ጆሮው ላይ ችግር ነበረው? ይስተካከልልን፣ ፊርማ እናሰባስብ 😂

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ፊርማህን አታባክን። ደንቡ መጀመሪያ በታተመበት አጻጻፍ ይቆይ ይላል። የጽሕፈት መሣሪያ ግድፈት መሆኑ ከመጽሐፉ ከራሱ ካልታወቀ በስተቀር፣ የሰያሚው ጆሮ «ጭ»ን «ጌ» ብሎ መስማቱ ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ስሙ እውነት እንዲናገርም አይጠበቅበትም። ሊኔየስ ቀጭኔን «ካሜሎፓርዳሊስ» ብሎታል፣ ግመለ-ነብር እንደማለት። ቀጭኔ ግመልም ነብርም እንዳልሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ስሙ ግን ይኸው ከ1758 ጀምሮ አለ።

ለምን 1758 ትሉኝ ይሆናል። የስዊድኑ ካርል ሊኔየስ ፍጥረታትን የመደበበትን መጽሐፉን 10ኛ እትም ያወጣበት ዓመት ነው። የእንስሳት ስያሜ ዜሮ ሰዓቱ እዚያ ተቆርጧል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ስም አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ለአንድ እንስሳ ሁለት ስም ከወጣ የቀደመው ያሸንፋል። ሰውየው ራሱ ሁሉ አልተሳካለትም። የመጀመሪያው እትሙ ላይ ዓሣ ነባሪን ዓሣ ውስጥ ነበር የከተተው፣ በ10ኛው ነው ወደ አጥቢዎች ያዞረው። የሌሊት ወፍን ደግሞ ከሰውና ከዝንጀሮ ጋር አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ አስቀምጧት ነበር።

ዘማሪው_27 · ረቡዕ ጠዋት 1:40

የሌሊት ወፍ ካነሳችሁማ! እኛ እኮ ስሟን «ወፍ» ብለን ጨርሰናል። ኦሪት ዘሌዋውያንም ከማይበሉት ወፎች ጋር ነው የሚቆጥራት። ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ልትሉ ነው?

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ረቡዕ ጠዋት 2:05

ልጄ፣ ማንም አልተሳሳተም። ኦሪት የሚከፍለው ለማዕድ ነው። ሸሆናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፣ አንዱ የጎደለው አይበላም። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ግን የማንኛውንም እንስሳ ኮቴ አይታ በየትኛው ወገን እንደሚገባ ትነግርህ ነበር። ያም ምደባ ነው፣ በደንብ የሚሠራ ምደባ። የሚበር ከሆነ ከሚበሩት ጋር መቁጠርም ለማዕድ አዋቂ ችግር የለውም። ሥነ እንስሳት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማን ከማን ተወለደ? የሌሊት ወፍ ጡት ታጠባለች፣ ፀጉር አላት፣ ላባ የላትም። በዚያ ጥያቄ ከወፍ ይልቅ አንተ ትቀርባታለህ።

ከገረመህ ሽኮኮን ልጨምርልህ። ያ መዝሙረ ዳዊት ላይ ድንጋይ መሸሸጊያው የሆነው። ስታየው ጅራት የለሽ ጥንቸል ነው የሚመስለው። በሕይወት ካሉት ዘመዶቹ አንዱ ግን ዝሆን ነው። የላይ የፊት ጥርሶቹ እንደ ትንንሽ የዝሆን ጥርስ ናቸው፤ ጣቶቹም ጫፋቸው ላይ ጥፍር ሳይሆን ትንንሽ ሸሆና የሚመስል ነገር ነው ያላቸው። የልጆች መጽሐፍ ላይ ደግሞ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ለውዝ በሊታ ሽኮኮ ብለን ተርጉመነዋል፤ እሱ ከአይጥ ጋር አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት እንስሳት አንድ ስም ሲይዙ ያኔ ነው ላቲኑ የሚናፍቀው።

እመት_ጣይቱ · ረቡዕ ጠዋት 3:30

አንዳንዴ ግን አማርኛችን ይበልጣቸዋል በሉ! «የሜዳ አህያ»። ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ ሁሉም ኢኩስ የሚባል አንድ ወገን ውስጥ ናቸው አይደል? ማንም ሳያስተምረን አህያ ብለናታል።

በነገራችን ላይ ቦረና በኩል ያለችው ባለ ቀጭን መስመሯ ኢኩስ ግሬቪ ትባላለች። ግሬቪ ያኔ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነበር። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለእሱ አንድ የሜዳ አህያ ስጦታ ልከውለት፣ እዚያ ያሉት አይተዋት አዲስ ዝርያ መሆኗ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ1882 በሰጪው ሳይሆን በተቀባዩ ስም ተሰየመች። ለምኒልክ የደረሳቸው ድኩላ ነው፣ የምኒልክ ድኩላ፣ እሱም 20 ዓመት ቆይቶ።

ሀቅ_ይነገር · ረቡዕ ቀን 6:12

እኔ ግን ይህ ሁሉ «ደንብ ነው» የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖር ቁራ መሳይ ግራጫ ወፍ አለ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ። ዛቫታሪኦርኒስ ነው ወገኑ። ዛቫታሪ ማነው? ጣሊያናዊ የእንስሳት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሺስቶቹን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱ። ወፉ የተሰየመውም በዚያው በ1938፣ እኛ ወረራ ውስጥ ሳለን ነው። ቦረናዎች ወፉን ከስንት ትውልድ ጀምሮ ያውቁታል። እኛ እስከ ዛሬ ያን ስም እንጥራ?

ፍራንክፈርት_ከተምኩ · ረቡዕ ቀን 7:01

@ሀቅ_ይነገር ንዴትህ ይገባኛል። እኔም ይህን ስም መጀመሪያ ሳነብ ደሜ ፈልቷል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩን አንስቶ፣ በሥነ ምግባር ምክንያት ስም እንደማይቀይር በግልጽ ተናግሯል። አንድ ስሎቬንያ ውስጥ የሚገኝ ዓይነ ስውር የዋሻ ጥንዚዛ አለ፣ በ1937 በሂትለር ስም የተሰየመ። እሱም ስሙ እስካሁን አልተነካም። መከራከሪያቸው፣ አንዴ በር ከተከፈተ የማን ስም ይውጣ የማን ይቅር የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም፣ የድሮው ጽሑፍ ሁሉም ከአዲሱ ጋር አይገናኝም የሚል ነው።

አሳምኖኛል? ግማሹን። የሚያጽናናኝ ነገር፣ ደንቡ የሚገዛው ላቲኑን ብቻ ነው። ወፉን በአማርኛና በኦሮምኛ ምን እንበለው የሚለው የእኛ ነው፣ ማንም ጣልቃ አይገባም።

ሀቅ_ይነገር · ረቡዕ ቀን 7:09

ግማሹ አላሳመነኝም። ቢሆንም አመሰግናለሁ።

አርባ_ምንጭ_ዓሣ · ረቡዕ ቀን 9:45

ከፖለቲካ ትንሽ ላውጣችሁ። ነጭ ሳር ፓርክ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መጥተው ሜዳው ላይ ሲዞሩ መንገድ ላይ መኪና የዳጠው ወፍ አገኙ። ወፍ ልበል እንጂ የተረፈው አንድ ክንፍ ነው። ያን ክንፍ ይዘው ሄደው ከየሙዚየሙ ክንፍ ጋር አስተያዩት፤ ከማንም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ነው ብለው አሳተሙት። ካፕሪሙልገስ ሶላላ። ሶላላ ማለት በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» ነው።

እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። አንድ ክንፍ ይዞ ስም ማውጣት ይቻላል እንዴ?

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ረቡዕ ማታ 1:20

ይቻላል። ይህ ታሪክ ለማስተማሪያ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ስም የሚታሰረው ከአንድ ናሙና ጋር ነው። ቆዳ ሊሆን ይችላል፣ የራስ ቅል፣ አልኮል ውስጥ ያለ ዓሣ፣ ወይም ይኸው ክንፍ። ሙዚየም ይቀመጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ነገ ሁለት ሰዎች ሶላላ ይህ ነው ያኛው ነው ብለው ቢጣሉ ዳኛው ያ ክንፍ ነው። ናሙናው ከዝርያው ሁሉ ቆንጆው ወይም የተለመደው መሆን የለበትም፤ ምስክር ነው እንጂ ቁንጅና ውድድር አይደለም። ልክ የመሬት ወሰን ላይ እንደሚተከል ድንጋይ አስበው። ድንጋዩ ማሳው አይደለም፣ ማሳው የማን እንደሆነ ሲጠፋ ግን ሁሉም የሚሄደው ወደ ድንጋዩ ነው።

ዲንሾ_ሐኪም · ረቡዕ ማታ 2:50

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ባሌ ሠርቻለሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩት፤ አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችኋል። «ዝርያ» ራሱ ምንድነው?

ትምህርት ቤት ያስተማሩን ተዳቅለው ሊራባ የሚችል ልጅ ከወለዱ አንድ ዝርያ ናቸው ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ነች አለች፤ ይሁን፣ በቅሎ ትወለዳለች ግን አትወልድም። ፈረስ 64 ክሮሞሶም፣ አህያ 62፣ በቅሎ መሃል ላይ 63። ስለዚህ ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው።

አሁን ወደ ባሌ ኑ። ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእረኛ ውሻ ከሴት ቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ያውቃል። የተወለዱት ዲቃሎች በቅሎ አይደሉም፤ መውለድ ይችላሉ። አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ፣ ፀጉራቸው ከቀይ የወጣ ነው። በትምህርት ቤቱ ደንብ ብንሄድ ውሻህና ቀይ ቀበሮ አንድ ዝርያ ናቸው ማለት ነው። አይደሉም። አካላቸው፣ አመጋገባቸው፣ ዲኤንኤያቸው ለየብቻ ነው። የካኒስ ወገን ልጆች አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ይዘላሉ። ተፈጥሮ መስመሩን በእርሳስ ነው የምታሰምረው።

ይህ ደሞ የወረቀት ክርክር አይደለም። ከ500 በታች ናቸው የቀሩት አዋቂዎቹ፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ውሻ ከዲቃላው በላይ ይዞባቸው የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያም በ2003ም (በፈረንጅ) ዌብ ሸለቆን አራቆተው። የምትወዱትን ውሻ አስከትቡ፣ ይኸው ነው የምለው።

የመንዝ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:05

@ዲንሾ_ሐኪም ወንድሜ አመሰግናለሁ። እና ያኛው፣ በግ የሚበላው ተራ ቀበሮ፣ እሱስ ምንድነው? እሱ እንኳን ቀበሮ ነው በለኝ።

ዲንሾ_ሐኪም · ረቡዕ ማታ 3:22

ይቅርታ አድርግልኝ 😅 እሱም አይደለም።

ለረጅም ዘመን እስያና አውሮፓ ውስጥ ካለው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ተደርጎ ካኒስ ኦሬየስ ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዲኤንኤ ጥናት የአፍሪካው ሌላ ዝርያ እንደሆነና ለተኩላ እንደሚቀርብ አሳየ። አሁን «የአፍሪካ ተኩላ» ነው። ስሙ ላይም ክርክር ነበር። አንቱስ የሚል ያረጀ ስም ነበረው፣ ግን ስሙ የወጣለት እንስሳ የትኛው እንደሆነ ስላልጠራ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሉፓስተር ተመረጠ። መምህር ከላይ ያሉት የወሰን ድንጋይ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

ቡና_በጨው · ረቡዕ ማታ 3:24

እንዲህ ከሆነማ አገራችን ውስጥ ተኩላ ሳናውቀው ሞልቶናል። ተኩላ የምንለው ማንን ነበር ታዲያ?

ዲንሾ_ሐኪም · ረቡዕ ማታ 3:31

ባለ ትልልቅ ክብ ጆሮውን፣ ዥንጉርጉሩን፣ በመንጋ የሚያድነውን። እሱ ደሞ ሊካዮን ነው፣ ካኒስም አይደለም።

ቡና_በጨው · ረቡዕ ማታ 3:32

ተኩላው ተኩላ አይደለም፣ ቀበሮው ተኩላ ነው። ልተኛ።

የሰባተኛ_ክፍል_አባት · ዓርብ ማታ 2:15

ሰላም፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሁሉንም ለልጄ አነበብኩላት፣ የጉዲፈቻውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ትናንት ደብተሯን ይዛ መምህሩ ጋ ሄደች። «ቀበሮ ያልኩት በአማርኛ ስሙ ነው፣ አስተኔያቸው አንድ ነው፣ ወገናቸው ይለያያል» ብላ አስረድታው፣ ግማሽ ማርክ መለሰላት። የማስመሩን ግን አልመለሰም። ቅንፉን ስትነግረው «ይህን ማን ነገረሽ?» አላት አሉ፤ «አባቴ» ብላለች። እንግዲህ መምህር፣ ክብርዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ።

አሁን ሌላ ሠንጠረዥ ይዛ መጥታለች። ጅብ ላይ ነን። ዘመዱ የሚለው ላይ ውሻ ብለን በእርሳስ ጽፈናል። በእስክሪፕቶ ከማድረጋችን በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ጡረታ_የወጣ_መምህር · ዓርብ ማታ 2:19

ላጲስ አቀብላት። ጅብ ከውሻ ይልቅ ለጥርኝና ለድመት ነው የሚቀርበው። ሳይንሳዊ ስሙ ክሮኩታ ክሮኩታ ነው፣ ልጁም አባቱም አንድ ስም። ተደግሞ የተጻፈ መስሏት አንዱን እንዳትሰርዘው። ሁለቱንም ለየብቻ ታስምርባቸው።